የባለ መቅዘፊያው የእጅ ሰዓት

ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ ኅዳር 1979 ዓ.ም.

ውድ ነጅሙ፣

ስለ ጤንነትህ በመጠየቅ ልጀምር ብዬ ነበር፤ ግን አንተ ሰላምታ ላይ እንኳ ጉድለት የምታወጣ ሰው ስለሆንክ ተውኩት። ደህና መሆንህን ሰምቻለሁ። መቱ ላይ ዝናቡ እንደማያባራ፣ ጫማህ እንደማይደርቅ፣ ፊልም ቤት የሚባል ነገርም እንደሌለ ሰምቻለሁ። በመጨረሻው ትንሽ ደስ ብሎኛል። ለፊልሞቹም እረፍት ነው።

ከሄድክ ወዲህ አልጻፍኩልህም፤ አንተም አልጻፍክልኝም። ስለ አንድ የቻይና ጀልባ ቀዛፊ የቀበሌውን ግድግዳ ከጫፍ እስከ ጫፍ የሞላህ ሰውዬ ለእኔ አንድ መስመር አጣህ። ይህን የምልህ ልወቅስህ ብዬ አይደለም። ምን አይደለም፣ ልወቅስህ ነው እንጂ! ግን ወቀሳው ይቆይ፤ እዚህ አንድ ነገር ተፈጥሯል። ይህንን ሰምተህ ቶሎ ካልመለስክልኝ አንተ እዚያ ዝናብ ስትቆጥር ትኖራለህ፣ እኔም የአንዱ የመርካቶ ነጋዴ ልጅ ሚስት ሆኜ እቀራለሁ። ደብዳቤውን መንገድ ላይ የሚከፍት ሰው ካለ እሱም አንብቦ ይፍረደን፤ ብቻ ሲጨርስ በደንብ ያሽገው።

ለዚሁ ለሚከፍተው ሰው ስል ነገሩን ከመጀመሪያው ላስረዳ። ከእኛ ቤት በኩል ምን ይመስል እንደነበር አንተም አታውቅም።

ባለ መቅዘፊያው ፒያሳ የሚታየው የቻይና ፊልም አክተር ነው፤ የወንዝ ጀልባ ቀዛፊ። ዘመኑ ድሮ ነው፤ ሰው ሁሉ ጎራዴ የሚታጠቅበት ጊዜ። ክፉው ገዥ ጌታውን ስለገደለበት መቅዘፊያውን ይዞ ወታደሩን ሁሉ ይደበድባል። አንደኛው ክፍል ይኸው ነው። ሁለተኛውም ይኸው ነው፤ ወታደሮቹ ብቻ ይበዛሉ፤ መጨረሻ ላይ አክተሩ ከነመቅዘፊያው ወንዝ ውስጥ ይሰምጣል። ያን ቀን አባዬ ቤት ሲገባ ፊቱን አይታ እማዬ «ማን ሞተ?» ብላ ጮኸች። «ባለ መቅዘፊያው» አላት። እማዬም ማን እንደሆነ ሳታውቅ አብራ አዘነች።

ሦስተኛው ክፍል መጣ። አክተሩ ጸጉሩ ተበጥሮ፣ ልብሱ ተተኩሶ፣ መቅዘፊያውን ትከሻው ላይ አድርጎ ብቅ አለ። እንዴት እንደተረፈ የነገረን የለም። የጠየቀም የለም፤ ፉጨቱና ጭብጨባው ጣሪያውን ሊያነሳው ነበር። ፒያሳ፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ ነው። እኔ በአባዬና በእማዬ መሃል ነበርኩ፤ አንተ ከፊታችን ባለው ረድፍ፣ ትንሽ ወደ ግራ። ከዚያ ሁሉ ሰው መሃል ያላጨበጨብከው አንተ ብቻ ነበርክ።

በሳምንቱ ጽሑፍህ የቀበሌው አዳራሽ ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። «የሰመጠ ሰው ቢያንስ እርጥብ ሆኖ ይመለሳል» ብለህ ጀመርክ። ከዚያ ሰዓቱን አነሳህ። ጎራዴ በሚታጠቁበት ዘመን የሚኖር ቀዛፊ፣ ድልድዩ ላይ ሲጣላ እጅጌው ሲሰበሰብ፣ ግራ እጁ ላይ የእጅ ሰዓት ታየ። ይህም ባልከፋ ነበር። መጨረሻ ላይ ግን «የፊልሙ ሠሪዎች ተመልካቹን ንቀውታል፤ ተመልካቹም መናቁን ወዶታል» አልክ። ሰፈሩን ያሳመመው ይኼ ነው። ወጣቶቹ ግን አንብበው ሲጨርሱ ፊልሙን ለመድገም ፒያሳ ወረዱ፤ ሰዓቱን ለማየት።

አባዬ ውይይት ታክሲውን ሞተሩ እየሠራ አቁሞ፣ ተሳፋሪ ጭኖ እያለ ቆሞ አነበበው። ውይይት ታክሲ ላይ ሰው ፊት ለፊት ተፋጦ ስለሚቀመጥ ወሬ አይጠፋም፤ የአባዬ ታክሲ ውስጥ ግን የሚወራው አንድ ነገር ብቻ ነበር። በጀርባው ባለችው ትንሽ መስኮት አንገቱን እያዞረ ባለ መቅዘፊያውን ይተርካል። ቀበና መውረድ ያለበት ሰው ጠቡ ሳያልቅ አልወርድም ብሎ ፒያሳ ይደርሳል። እንዲህ ያለ ሰው ነው ያን ቀን ቤት ገብቶ «መናቁን ወዶታል ነው የሚለኝ? እኔን!» እያለ ሲዞር ያመሸው። ስምህን ስላልጻፍክ፣ «ሃያሲው» ብለህ ብቻ ስለፈረምክ፣ የጻፈው ማን እንደሆነ አያውቅም። መምህር ነጅመዲንን ግን ይወደው ነበር። የታክሲውን በር ቀስ አድርጎ የሚዘጋ ተሳፋሪ በሕይወቱ ያየው አንተን ብቻ ነው።

ሽማግሌ ልትልክ ስትል አንድ ነገር አደራ አልኩህ። ስለ ጽሑፍ እንዳያነሱ። አንተም ለጋሽ ሣህሌ ነገርካቸው፤ ጋሽ ሣህሌም ምለው ተገዝተው መጡ። በየቀኑ አባዬን «አንተ ሾፌር» የሚሉት ሰውዬ ያን ቀን «እርስዎ» እያሉ፣ ካልተቀመጡ እየተባሉም «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» እያሉ በሩ ላይ ቆሙ። እኔ ጓዳ ሆኜ ጆሮዬን በሩ ላይ ለጥፌያለሁ።

«ልጁ ሥራው ምንድን ነው?» አለ አባዬ።

«መምህር ነው» አሉ ጋሽ ሣህሌ። እዚያ ላይ ቢያቆሙ ኖሮ ዛሬ ቤታችንን ይዘን ነበር። አላቆሙም። «መምህር ብቻም አይደል፤ ብዕረኛ ነው! በቀበሌያችን ጋዜጣ ስለ ፊልም የሚጽፈው እሱ አይደለም እንዴ!»

እማዬ ይዛ የነበረውን የሻይ ትሪ ጠረጴዛው ላይ ጣል ስታደርገው ሰማሁ።

«እርጥብ ሆኖ ይመለሳል ያለው?» አለ አባዬ።

«እሱ! ራሱ!» አሉ ጋሽ ሣህሌ፣ አሁንም ደስ እያላቸው።

ከዚያ በኋላ ስለ እኔ የተነሳ ነገር የለም። አባዬ ሦስተኛውን ክፍል አይታችኋል ወይ ብሎ ጠየቃቸው። ጋሽ ተክለጻድቅ «እውነቱን ለመናገር ከሦስተኛው ሁለተኛው ይበልጣል» ሲሉ ጋሽ ሣህሌ «ሁለተኛውማ አክተሩን ገደለብን» ብለው ተነሱባቸው። ሦስተኛው ሽማግሌ አንዱንም አላየሁም ስላሉ አባዬ ከመጀመሪያው ተረከላቸው። ሻይ ሦስቴ ተቀዳ። ጋሽ ሣህሌ ሊወጡ ጫማቸውን ሲፈልጉ ነው የመጡበት ትዝ ያላቸው።

«እና ምን ብለን እንንገረው?»

«ግለ ሂስ ያድርግ» አለ አባዬ። «በቀበሌው ስብሰባ፣ ሕዝብ ፊት ተነስቶ ፊልሙ ጥሩ ነበር፣ ተሳስቻለሁ ይበል። ልጄን በዚያው ቀን እሰጠዋለሁ።»

ከዚህ በኋላ ያለውን ታውቀዋለህ። ከጉራራ በላይ፣ እንጦጦ መውጫው ላይ፣ ባሕር ዛፉ መሃል የተነጋገርነውን ማለቴ ነው። ስብሰባ ላይ አርፍደው የመጡ ሰዎች፣ ችግኝ ተከላ የቀሩ ሰዎች ሁሉ ግለ ሂስ ያደርጋሉ፤ አንድ ቀን ቆሞ ሁለት ቃል መናገር ምን አለበት አልኩህ።

«‹ጥሩ ነበር› በል። በቃ።»

«አልነበረማ፣ ከይሪያ።»

«ለእኔ ስትል።»

«ለአንቺ ስል ነው የማልለው። ዛሬ ስለ ፊልሙ ከዋሸሁ ነገ ወጥሽ ይጣፍጣል ስልሽ በምን ታምኚኛለሽ?»

«ስለ ወጤ ማን ጠየቀህ!» ብዬ ጮህኩብህ።

እንጨት ተሸክማ የምትወርድ አንዲት ሴትዮ ጩኸቴን ሰምታ ቆመች። «ምን አደረገሽ እህቴ?» አለችኝ። አንተ ደግሞ፣ አላህ ይይልህ፣ ነገሩን ሁሉ ማስረዳት ጀመርክ። ሸክሟን ዛፍ ላይ አስደግፋ፣ ቀዛፊውንም ሰዓቱንም በጥሞና ሰማችህ። ስትጨርስ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች፤ «ሰዓቱ ይሠራል?» አለችህ። «እሱን አላየሁም» አልካት፤ ሸክሟን አንስታ ሄደች።

ያኔ ወደ እኔ ዞረህ «አንቺ ራስሽ ሰዓቱን አላየሽውም?» አልከኝ።  አኩርፌ ወረድኩ። ብዙም ሳይቆይ ምደባህ መጣ፤ መቱ። ሌላው ቢሆን በስንት ምልጃ ያስቀየረዋል፤ አንተ ሻንጣህን ይዘህ ሄድክ። ተቃጥዬ ነበር ነጅሙ። በቀበሌ ሱቅ ስኳር ስመዝን ሚዛኑ ላይ እንባዬ ጠብ ሲል አብራኝ የምትሠራው ታደለች «ኮታው እንዳይረጥብ» ብላ ኬሻውን ወሰደችብኝ።

ይኼን ሁሉ ታውቃለህ። የማታውቀው ከዚህ ይጀምራል።

ከመስከረም በኋላ የመርካቶው ልጅ ሽማግሌዎች መጡ። አባቱ ጨርቃ ጨርቅ ይነግዳል። ልጁ ጨዋ ነው፣ ንጹሕ ነው፣ ስም የማያወጡለት ዓይነት። አባዬ ለመልሱ ቀጠሮ ሰጣቸው። በዚያው ሰሞን ባለ መቅዘፊያው አራተኛው ክፍል ፒያሳ ገባና አባዬ ልጁን ይዞ ፊልም ሊያሳየው ወሰደው። እኔና እማዬም ሄድን። አባዬ የዒድ ልብሱን ለብሶ ነበር።

መብራት ጠፋ። ወንዙ መጣ። ጀልባዋ መጣች። መቅዘፊያው አለ። ሰውዬው የለም! ሌላ ሰው ነው። ያንኑ ጺም ለጥፈውለታል፣ ያንኑ ልብስ አልብሰውታል፣ መቅዘፊያውን ግን እንደ መጥረጊያ ነው የያዘው። አዳራሹ ጸጥ አለ። ከዚያ አንዱ ከኋላ አፏጨ፤ ሌላውም አጨበጨበ፤ ሁሉም ቀጠለ። አባዬም አጨበጨበ። ከጎኑ ስለነበርኩ እጆቹን አየኋቸው፤ ለቅሶ ቤት ሄዶ ምን እንደሚል የጠፋው ሰው ይመስል ነበር።

ስንመለስ ልጁ ከአባዬ ጎን ጋቢና ተቀመጠ። እኔ በትንሿ መስኮት እሰማለሁ።

«እንዴት አየኸው?» አለ አባዬ።

«በጣም ጥሩ ነው ጋሼ።»

«አክተሩስ?»

«እሱም ጥሩ ነው።»

«ሌላ ሰው ነው እኮ።»

«አዎ ጋሼ፣ ሌላ ሰው ነው። ጥሩ ነው።»

አባዬ ማርሽ ቀየረ። ቆይቶ «ሦስተኛው ላይ ያሰራትን የእጅ ሰዓት አይተሃታል?» አለው።

«በጣም ቆንጆ ሰዓት ናት ጋሼ! ከፈለጉ መርካቶ ላፈላልግልዎት።»



በማግስቱ ተሳፋሪው ሁሉ ጆሮውን አቁሞ ጠበቀ። «ጋሽ ከማል፣ አራተኛው እንዴት ነው?» ሲሉት «መውረጃችሁ ደርሷል» ይላቸዋል፤ ገና ከፈረንሳይ ሳይነሱ። ቤትም እንደዚያው ነው። እማዬ «ሆድህን አሞህ ነው?» ትለዋለች። አንድ ቀን ታክሲውን አዳራሹ አጠገብ አቁሞ የግድግዳ ጋዜጣው ፊት ቆሞ አገኘሁት። አንተ ትጽፍበት የነበረው ቦታ ላይ አሁን ወርቅአየሁ ስለ ጎመን ችግኝ ይጽፋል። አባዬ የጎመኑን ጽሑፍ እስከ መጨረሻው አነበበው። ከዚያ ሱቅ ድረስ መጥቶ መደርደሪያው ላይ ክንዱን አስደግፎ ቆመ።

«ያ ልጅ የት ነው የሄደው?»

«የቱ ልጅ?» አልኩት፣ እንዳላወቀ ሰው።

«እርጥብ ሆኖ ይመለሳል ያለው።»

«መቱ።»

«መቱ ፊልም ቤት አለ?»

«የለም።»

«ታዲያ አራተኛውን ማን ይንገረው?» አለና፣ መልስ ሳይጠብቅ ወጣ።

እሑድ የቀበሌ ስብሰባ ነበር። ስለ ስኳር ኮታ ተነገረ፣ ስለ ጥበቃ ተራ ተነገረ፣ ሰው እያዛጋ ነው። ሊቀመንበሩ «ልዩ ልዩ» ሲል አባዬ እጁን አወጣ።

«ግለ ሂስ አለኝ» አለ።

አዳራሹ ቀዘቀዘ። በዚህ ዘመን አንድ ሰው ሳይጠየቅ ተነስቶ እንዲህ ሲል ነገሩ የት እንደሚደርስ ስለማይታወቅ ሁሉም ጫማውን ማየት ጀመረ። እማዬ ክንዴን ጨመደደችኝ።

«ሦስተኛው ክፍል ላይ» አለ አባዬ፣ «ሰዓቱን አይቼዋለሁ።»

«ጓድ ከማለዲን፣ አጀንዳው...» አለ ሊቀመንበሩ።

«አይቼዋለሁ! ልጁ ከመጻፉ በፊት፣ መጀመሪያ ያየሁት ዕለት አይቼዋለሁ። የምትወደው ሰው ሱሪው ከኋላ ቢቀደድ አይተህ ዝም ትላለህ እንጂ ግድግዳ ላይ ትለጥፋለህ? እኔ እንደዚያ ብዬ ነው የተቆጣሁት። ልጁን አባረርኩት፣ ልጄን አስለቀስኩ። ይኸው አራተኛው መጣ። ሁላችንም ሰዓቱን አይተን ዝም ስላልናቸው፣ እነዚህ ሰዎች ምንም አያዩም ብለው ሰውዬውን ራሱን ቀየሩብን!»

 ከዚያ ጋሽ ሣህሌ ከፊት ወንበር ብድግ ብለው «እኔም አይቼዋለሁ!» አሉ። ጋሽ ተክለጻድቅም «እኔም!» አሉ። ነጅሙ፣ ያን ጊዜ ብትኖር! ሰፈሩ ሁሉ አይቶታል። የማሰሪያው ቀለም ቡናማ ነው፣ ጥቁር ነው ተብሎ ጠብ ተነሳ። ጸሐፊው «ቃለ ጉባኤ ላይ ምን ብዬ ልጻፈው?» እያለ ይለምናል። ሊቀመንበሩ ጠረጴዛውን ሲደበድብ ቆይቶ፣ ዝም ሲሉለት፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ደግሞ የቆመ ሰዓት ነው፤ ሲጣላም ሲተኛም አሥር ሰዓት ነው የሚለው» አለ። ያቺን እንጨት ተሸካሚ ካገኘኋት እነግራታለሁ፤ አይሠራም።

በሳምንቱ የመርካቶው ልጅ ሽማግሌዎች ለቀጠሯቸው መጡ። አባዬ በክብር ተቀብሎ በክብር ሸኛቸው። «ልጃችሁ ምንም እንከን የለውም» አላቸው። «ግን ሁሉም ነገር ጥሩ ነው ይላል። ነገ ልጄ ብትከፋበትም ጥሩ ነው ሊለኝ ነው።»

ማታ ጠራኝና የሚከተለውን ጻፊለት አለኝ። እሱ እንዳለው ነው የምጽፈው። ሽማግሌ ይላክ። ጋሽ ሣህሌ ይምጡ፣ ነገር ግን ሌላ ሰው ይናገር። ስለ ሦስተኛውና ስለ አራተኛው የፈለገውን ይበል፤ እኔም የምለው አለኝ። ስለ አንደኛው ክፍል ግን አንዲት ቃል ቢተነፍስ ሽማግሌዎቹን ከነጫማቸው አስወጣለሁ። የዓመቱ ማስተማር ሲያልቅ ዝውውር ይጠይቅ፤ የቀበሌው ግድግዳ ጎመን በጎመን ሆኗል። ሠርጉ ከረመዳን በፊት ይሁን። ይኸው ነው ያለኝ።

አሁን ደግሞ የእኔ። በሦስተኛው ክፍል ሁለታችሁ ስትጣሉ፣ በአራተኛው ሁለታችሁ ልትታረቁ ስትሉ፣ አንዳችሁም «ከይሪያስ ምን አለች?» ብላችሁ አልጠየቃችሁም። ስለዚህ ልንገርህ። እኔ አራተኛውን ወድጄዋለሁ። አዲሱ አክተር ከቀድሞው ይበልጥ ያምራል። መቅዘፊያ መያዝ አይችልም፤ ይማራላ! ይህን ለአባዬ ብትነግረው አልምርህም። መጥተህ አራተኛውን አይተህ ብትሰድበው ግን አልከፋም፤ እኔም አፍ አለኝ፣ እመልስልሃለሁ። አንተን አንብቦ ፊልም ከማየት የቀረ ሰው በሰፈራችን የለም፤ ቲኬት የምንቆርጠው በራሳችን ልብ ነው። ግን አንተ ከሄድክ ወዲህ ከፊልም ቤት ወጥተን እስከ ቤት የምንጨቃጨቅበት ነገር አጥተናል። ፊልሙ እዚያው ፒያሳ ይቀራል። ያ ከብዶኛል። አንተም ከብደኸኛል፤ ናፍቀኸኛል ማለቴ ነው፣ ግልጽ እንዲሆንልህ።

አንድ ቅድመ ሁኔታ አለኝ። ከተጋባን በኋላ ፊልም ስናይ፣ መብራቱ እስኪበራ ድረስ ጆሮዬ ላይ እንዳታንሾካሹክ። ከበራ በኋላ እስከ ፈረንሳይ ድረስ ጊዜ አለህ። ስለ ወጤም እውነቱን ንገረኝ፤ ግን ከበላህ በኋላ።

ደብዳቤው ላይ ስሕተት ካገኘህ፣ እንደምታገኝ አውቃለሁ፣ መጥተህ በቃልህ ንገረኝ እንጂ አርመህ እንዳትልክልኝ።

እንጦጦ ላይ ጠይቀኸኝ ሳልመልስልህ የወረድኩት ጥያቄ አለ። ያን እሑድ ሰዓቱን አይቼው እንደሆነ ነበር የጠየቅከኝ። አባዬ አይቶታል፣ ጋሽ ሣህሌ አይተውታል፣ ሊቀመንበሩ እንኳ ስንት ሰዓት እንደሚል አይቷል። እኔ ብቻ ነኝ ያላየሁት። ድልድዩ ላይ ጠቡ ሲጀመር ያ ሁሉ ሰው ወደ ፊት ሲያይ፣ እኔ ትንሽ ወደ ግራ፣ ከፊታችን ባለው ረድፍ፣ የማያጨበጭብ አንድ ሰው እያየሁ ነበር።

መልስህን በሚቀጥለው አውቶቡስ እጠብቃለሁ፣

ያንተዋ ከይሪያ